እንደገና ሲነሣ ካርዱን የሚያጣ ማሽን፦ በሊኑክስ ላይ የግራፊክስ ድራይቨር ችግርን መመርመር

በጋራ በምንጠቀምባቸው የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ክስተት አለ። ሳምንታት ያለ እክል ሞዴል ሲያሠለጥን የቆየ ማሽን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ይነሣል፤ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዱ ግን አይሠራም። ተጠቃሚዎች ካርዱ በኃይል መዋዠቅ ተቃጥሏል ብለው ይደመድማሉ፤ አንዳንዴም ተነቅሎ ለጥገና ይላካል። ካርድ በእርግጥ ሊቃጠል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት መጣራት ያለበት ይበልጥ ተራ የሆነ ምክንያት አለ።

ኡቡንቱ የጸጥታ ማሻሻያዎችን ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ የሚጭን አገልግሎት አለው። አዲስ ከርነልም በዚሁ መንገድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራ የሚጀምረው ግን ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ብቻ ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር ደግሞ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ከርነሉ ውስጥ የሚጫን ሞጁል፣ ሌላው ፕሮግራሞች የሚጠሩት ላይብረሪ ነው። ሞጁሉ ለእያንዳንዱ የከርነል እትም ለብቻው ኮምፓይል መደረግ አለበት። ይህ ሥራ ሳይሳካ ቀርቶ ከሆነ፣ አሮጌው ከርነል እስካልጠፋ ድረስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መብራት መጥፋቱ ከሳምንታት በፊት የተፈጠረውን ጉድለት አጋለጠ እንጂ አላመጣውም።

የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ ካርዱ ለማሽኑ ይታያል ወይ የሚለው ነው። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ በፒሲአይ መስመር ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ድራይቨር ቢኖርም ባይኖርም ይዘረዝራል። ካርዱ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ድራይቨር መቀያየር ከንቱ ድካም ነው፤ የኃይል ገመዱን፣ መሰኪያውንና የባዮስ ቅንብሩን መመልከት ይገባል። ካለ ደግሞ፣ በዚሁ ትእዛዝ ላይ የኬ አማራጭ ሲታከል ካርዱን የያዘው ድራይቨር ይታወቃል። የሚታየው ስም ኑቮ ከሆነ፣ ኑቮን የሚያግደው ቅንብር ጠፍቷል ወይም ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው። ኑቮ በ2010 ከወጣው የ2.6.33 እትም ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የሚገኝ ክፍት ድራይቨር ነው፤ ለስክሪን ይበቃል፣ ኩዳን ግን አያስኬድም።

ምንም ድራይቨር ካልታየ ሞጁሉን በሞድፕሮብ በእጅ ለመጫን ሞክሮ መልሱን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳያነብ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ይሮጣል። ሞጁሉ አልተገኘም የሚል መልስ ለዚህ ከርነል አልተሠራም ማለት ነው። ሥራውን የሚያከናውነው ዲኬኤምኤስ የግንባታ መዝገብ ስለሚያስቀምጥ ምክንያቱ እዚያ ይገኛል፤ ወይ የከርነሉ የሄደር ፋይሎች አልተጫኑም፣ ወይ ኮምፓይለሩ አይስማማም። ለኋለኛው ጥሩ ምሳሌ ኡቡንቱ 22.04 ነው። የማሽኑ መደበኛ ጂሲሲ 11ኛው እትም ሲሆን፣ በማሻሻያ የመጣው 6.5 ከርነል የተሠራው በ12ኛው ነበር፤ አሮጌው ኮምፓይለር የማያውቀው አማራጭ ስለተላለፈለት ግንባታው ይቆማል። ጂሲሲ 12ን መጫን ይበቃ ነበር።

ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል መልስ ከመጣ ግን ሞጁሉ አለ፤ የከለከለው ሴኪዩር ቡት ነው። ይህ ጥበቃ በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ሞጁል ወደ ከርነሉ እንዳይገባ ያግዳል። ኡቡንቱ በማሽኑ ላይ ቁልፍ አመንጭቶ ሞጁሉን ይፈርማል፤ ቁልፉ የሚጸድቀው ግን ማሽኑ ሲነሣ በሚመጣ ሰማያዊ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል በማስገባት ነው። ገጹ ለጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ያልፋል። ማሽኑን ከሩቅ በኤስኤስኤች የሚያስተዳድር ሰው ይህን ገጽ ፈጽሞ አያየውም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ቢጭንም ውጤቱ አይለወጥም። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ችግሩን ይፈታል፤ ሆኖም ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ማሽን ላይ በአካል ተገኝቶ ቁልፉን ማጽደቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ከሁሉም የሚመረጠው ካኖኒካል አስቀድሞ ኮምፓይል አድርጎ የፈረመባቸውን የሞጁል ጥቅሎች መጠቀም ነው፤ ሁለቱንም ጣጣ ያስቀራሉ። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የወረደን ጫኚ ከእነዚህ ጥቅሎች ጋር ማደባለቅ ግን አይመከርም፤ ጫኚው የሚጽፋቸውን ፋይሎች ኤፒቲ አያውቃቸውም።

ተቃራኒው ሁኔታም ያጋጥማል፤ ማሽኑ ሳይነሣ ድራይቨሩ ይታደሳል። ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የድራይቨሩና የላይብረሪው እትም አይጣጣምም ይላል። ዲስክ ላይ ያለው ላይብረሪ አዲስ፣ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለው ሞጁል አሮጌ ስለሆነ ነው። እንደገና ማስነሣት በቂ ነው።

ለተመራማሪ ይበልጥ አሳሳቢው ምንም የስሕተት መልእክት የማይሰጠው ጉዳይ ነው። በርካታ የፓይቶርች ኮዶች ኩዳ ካለ በእርሱ፣ ከሌለ በሲፒዩ እንዲሠሩ ተደርገው ይጻፋሉ። ድራይቨሩ ሲወድቅ ሥልጠናው በዝምታ ወደ ሲፒዩ ይዞራል፤ የሁለት ሞዴሎችን የሥልጠና ጊዜ የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ በዚህ ብቻ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ኮዱ ካርድ ባጣ ጊዜ እንዲቆም ማድረግ ይበጃል፤ የከርነሉና የድራይቨሩ እትምም በቴሲሱ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ቢሰፍር መልካም ነው። እግረ መንገድ፣ በኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ አናት ላይ የሚታየው የኩዳ ቁጥር ድራይቨሩ የሚደግፈው ከፍተኛ እትም እንጂ የተጫነው አይደለም፤ ፓይቶርች በፒፕ ሲጫን የራሱን የኩዳ ላይብረሪዎች ይዞ ይመጣል።

ረጅም ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ከርነሉንና ድራይቨሩን በኤፒቲ-ማርክ ሆልድ ማገድ ይቻላል። እገዳው የጸጥታ ማሻሻያዎችንም ስለሚያስቀር፣ ማን እንዳገደና መቼ እንደሚነሣ በማሽኑ ላይ በወረቀት ተጽፎ ቢለጠፍ ይመረጣል።