የወሩን ሒሳብ ሳይዘጉ ለአገር ቤት የሚላከውን አይወስኑ

በአሜሪካ ኡበር የሚነዱ፣ ምግብ የሚያደርሱ፣ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት የሚያስተረጉሙ ብዙ ወገኖቻችን ተቀጣሪ አይደሉም፤ በግላቸው የሚሠሩ ናቸው። ግብር ቆርጦ የሚያስቀርላቸው አሠሪ ስለሌለ ገንዘቡ ሳይነካ አካውንታቸው ውስጥ ይገባል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የገባው ሁሉ የራስ ይመስላል። ስለዚህ የግል ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ወር እንዳለቀ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን መዝጋት፣ ከገባው ውስጥ በእርግጥ የእሱ የሆነውን መለየት አለበት። የዕቁቡ መጠን፣ የቤት ኪራዩ አቅም፣ ለቤተሰብ የሚላከው ሁሉ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከጎጃም ደጋ ለወጣ ሰው ይህ ልማድ ወዲያው የማይመጣበት ምክንያት አለ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ባለችው ሮብ ገበያ ድንች ገዝቶ ማርቆስ ወስዶ የሚሸጥ ነጋዴ ወጪው ሁሉ ከፊቱ ነው። ለገበሬው ይከፍላል፣ ለጫኝና አውራጁ ይከፍላል፣ ለመኪናው ይከፍላል፤ ሸጦ ሲያበቃ ከመነሻው በላይ ኪሱ ውስጥ የተረፈው ትርፉ ነው። ሒሳቡ ከገበያ እስከ ገበያ ይዘጋል። ኡበርም በየሳምንቱ ስለሚከፍል ነገሩ ያው ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። በውጭ አገር ትልልቆቹ ወጪዎች ዘግይተው ነው የሚደርሱት፤ ግብሩ ከወራት በኋላ፣ የመኪናው እርጅና ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ። ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱና ስልኩ ደግሞ በወር ይከፈላሉ። ሳምንት ያጠረ፣ ዓመት የረፈደ መለኪያ ነው፤ የሚበጀው ወሩ ነው።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ሹፌር በወር 5,000 ዶላር ገባለት፣ ለሥራ 3,000 ማይል ነዳ፣ ለስልክና ለመሳሰለው 300 ዶላር አወጣ እንበል። ቤንዚን 400 ዶላር ከፈጀ 4,300 ዶላር የተረፈው ይመስለዋል። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ግን ለ2025 ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ወጪ እንዲያዝበት ፈቅዷል፤ ግምቱ ከቤንዚን ሌላ ጎማን፣ ዘይትን፣ ጥገናን፣ ኢንሹራንስንና የመኪናውን እርጅና ያጠቃልላል። በዚህ ስሌት የ3,000 ማይሉ ወጪ 2,100 ዶላር ነው፤ የወሩ ትርፍም 2,600 ዶላር ይሆናል። ቀጥሎ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ አለ። ተቀጣሪ ከደመወዙ 7.65 በመቶ ሲከፍል አሠሪው ያንኑ ያህል ይጨምርለታል፤ በግሉ የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱንም ድርሻ ስለሚሸከም 15.3 በመቶ ይከፍላል፤ የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ለዚህ ሹፌር 367 ዶላር ገደማ ይደርሳል። የገቢ ግብሩ ገና ሳይነሳ የቀረው 2,233 ዶላር ነው። በወሩ 220 ሰዓት ሠርቶ ከሆነ ለአንድ ሰዓት 10 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው የደረሰው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ 17.95 ዶላር ሆኗል። 4,300 ዶላር አለኝ የሚልና 2,233 ዶላር አለኝ የሚል ሰው ሥራ ስለመቀየርም ሆነ ገንዘብ ስለመላክ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይወስኑም።

70 ሳንቲሙ አማካይ ግምት ነው፣ ዕዳዋ ያለቀ አሮጌ ፕሪየስ ይህን ያህል አትፈጅም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን የራስን መኪና ትክክለኛ ወጪ ማወቅ የሚችለው የመዘገበ ሰው ብቻ ነው። በየወሩ መጨረሻ አራት ነገር ይጻፉ፦ ኩባንያው ድርሻውን ሳይወስድ የገባውን ጠቅላላ ገንዘብ፣ ለሥራ የነዱትን ማይል፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ የቆዩበትን ጨምሮ የሠሩበትን ሰዓት፣ ሪሲት ያለውን ወጪ ሁሉ። ጠቅላላ ገቢው መጻፉ በከንቱ አይደለም፤ ኡበር በዓመቱ መጨረሻ የሚልከው ቅጽ ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ክፍያ ስለሚያሳይ፣ የኩባንያው ድርሻ በወጪነት ካልተመዘገበ እርስዎ ላልወሰዱት ገንዘብ ግብር ይከፍላሉ።

በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ግብር ይኖርብኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በአራት ቀነ ገደቦች እየከፋፈለ መክፈል ይጠበቅበታል፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። እነዚህን ቀኖች ከእኛ በዓላት ጋር ያስተያዩአቸው። ሴፕቴምበር 15 እንቁጣጣሽ በዋለ በቀናት ውስጥ፣ ጃንዋሪ 15 ገና ባለፈ በሳምንቱ ይመጣሉ፤ ኤፕሪል 15 ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋሲካ አካባቢ ይውላል። ለበዓል ከአካውንቱ ጠራርጎ የላከ ሰው የግብሩ ቀን ባዶ እጁን ያገኘዋል፤ በሰዓቱ ካልከፈለም ቅጣት ይጨመርበታል። መድኃኒቱ ወሩ በተዘጋ ቁጥር ከትርፉ ሩብ ያህሉን ወደ ሌላ የቁጠባ አካውንት ማዛወርና እንደሌለ መቁጠር ነው።

አካውንታንት አለኝ የሚል መልስ ይሰማል። አካውንታንቱ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ያመጡለትን ነው የሚሞላው፤ ያልተመዘገበ ማይል ከየትም አያመጣም። ገቢዬን ዝቅ አድርጌ ባሳይ ይሻለኛል የሚሉም አሉ። ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ ራስን ይጎዳል። እናቱን ወይም ባለቤቱን የሚያስመጣ ሰው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንደሚደርስ የሚያሳየው በግብር ሰነዱ ነው፤ የቤት ብድር ሰጪም አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ሰነድ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እናት ስትታመም የወር መጨረሻ አይጠበቅም፤ ይህ አያከራክርም። መደበኛው ድጎማ ግን ከትርፉ ላይ ሲቆረጥ ነው የሚዘልቀው፤ አንድ ወር በዝቶ ሦስት ወር ከሚቋረጥ በየወሩ የሚደርስ መጠነኛ ገንዘብ ለሚጠብቀው ሰው ይሻለዋል። በጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኑሮውም አብሮ ስለተወደደ፣ ስንት ዶላር ለምን ያህል የቤት ወጪ እንደሚበቃ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

እንግሊዝ አገር ያሉ የግብር ማሳወቂያቸውን በኢንተርኔት የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ 31 መሆኑን፣ ካናዳ ኡበር የሚነዱ ደግሞ ገቢያቸው ትንሽም ቢሆን ለሽያጭ ታክስ መመዝገብ እንዳለባቸው ይወቁ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ወርን የመዝጋት ሥራ ግን በሁሉም ያው ነው፣ የሚፈጀውም አንድ ምሽት ነው። ይህ ወር ሲያልቅ አራቱን ቁጥሮች ይጻፉ፣ የግብሩን ድርሻ ለይተው ያስቀምጡ፤ ወደ አገር ቤት የሚደውሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።