ትምህርት 11፦ ድግስ በስንት ቀን ይቀደማል?

ሀ. ምንባብ

ይህን ምንባብ ከማንበባችሁ በፊት፣ በአካባቢያችሁ የድግስ ዝግጅት ከስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚጀመር ተነጋገሩ።

በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣና በአካባቢዋ፣ የሻደይ በዓል ከነሐሴ 16 ቀን እስከ 21 ቀን ይከበራል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ተክል በወገባቸው አሥረው፣ ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በእነዚህ ቀናት እንግዳ ስለሚበዛ፣ ማደሪያውንና ምግቡን ቀደም ብሎ ያልያዘ ሰው ሊቸገር ይችላል።

ለመሆኑ «ቀደም ብሎ» ማለት ስንት ቀን ነው? ይህን የሚወስነው ከድግሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ነገር ነው። የእንጀራ ሊጥ ለመቡካት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። በግ ለመግዛት የገበያ ቀን ይጠበቃል። ጠላ ግን ከሁሉ ይዘገያል። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅሎና ደርቆ ብቅል እስኪሆን አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ከጌሾ ጋር ተጠንስሶና ተደፍድፎ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ነሐሴ 16 ቀን ለሚጠጣ ጠላ ገብሱ የሚነከረው የፍልሰታ ጾም በሚገባበት፣ በነሐሴ 1 ቀን ግድም ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በጉን በአንድ ቀን ይገዛል፤ ድፍድፉን ግን ገንዘብ አያቸኩለውም። ይህን ሳያሰላ እንግዳ የጠራ ባለድግስ፣ በእንግዳው ፊት ከማፈር አይድንም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ቀድሞ መያዝ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በፍሎሪዳ የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው ሰፊ መዝናኛ፣ በምግብ ቤቶቹ የገበታ ቦታ ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ እንዲያዝ ይፈቅዳል። በዚያ የሚያጥረው የመቀመጫ ቦታ ነው፤ በእኛ ድግስ የሚያጥረው የመብላላት ጊዜ ነው። በሁለቱም ዘንድ ቀኑ የሚቆጠረው ከበዓሉ ወደ ኋላ ነው።

ለ. ሰዋስው፦ ቅድሚያን የሚያመለክቱ አነጋገሮች

1. «ከ…በፊት» ከግስ ጋር ሲገባ አርእስቱን ይይዛል። «እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ሊጡ ይቦካል» እንላለን። «ከመጣ በኋላ» ማለት ትክክል ሲሆን፣ «ከመጣ በፊት» ማለት ግን ስሕተት ነው።

2. «ሳይ» ሁለት አገልግሎት አለው። «እንግዶቹ ሳይደርሱ ወጡ ተሠራ» ሲባል ቅድሚያን ያሳያል፤ እንግዶቹ ኋላ ደርሰዋል። «እንግዶቹ ሳይበሉ ሄዱ» ሲባል ግን ድርጊቱ አለመፈጸሙን ያሳያል።

በውል ደብዳቤ ላይ ይህ ልዩነት ጠብ ሊያስነሣ ይችላል። «ቀብዱ ሳይከፈል በጉ ይገዛ» የሚለውን ባለምግብ ቤቱ «ቀብድ አልከፍልም አለ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ጸሐፊው ማለት የፈለገው «ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት» ከሆነ፣ እንዲሁ ብሎ ይጻፈው።

ሐ. የደብዳቤ ምሳሌ

ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ ቡድን ሰብሳቢ የጻፈው ነው እንበል።

ሐምሌ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምግብ ቤቱ ባለቤት፣

የሻደይን በዓል ለማክበር 20 ሆነን ከነሐሴ 15 እስከ 20 ቀን በከተማችሁ እንቆያለን። ነሐሴ 15 ቀን ጾሙ ስላልተፈታ፣ ነሐሴ 20 ቀንም ረቡዕ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቀናት የጾም ምግብ፣ በቀሩት 4 ቀናት ደግሞ የፍስክ ምግብ እንዲዘጋጅልን እንጠይቃለን። ለነሐሴ 16 ቀን ምሳ ጠላም እንፈልጋለን። ቀብዱን ይህን ደብዳቤ የያዘው መልእክተኛ ያስረክባል። ነሐሴ 1 ቀን ከመድረሱ በፊት መልስዎን እንዲሰጡን በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የጉዞው ሰብሳቢ

መ. መልመጃ

1. ሰብሳቢው ከነሐሴ 1 ቀን በፊት መልስ የፈለገው ለምንድን ነው? ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀሱ።
2. ደብዳቤው የሰዎቹን ቁጥር ወይም የጾሙን ቀን ባይጠቅስ ኖሮ ምን ችግር ይደርስ ነበር?
3. አርሙ፦ «ሙሽራው ከገባ በፊት ዳሱ ተጣለ።»
4. «ሳይ» ያለባቸውን አራት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ፤ ሁለቱ ቅድሚያን፣ ሁለቱ አለመፈጸምን ያሳዩ።
5. በአካባቢያችሁ ስለሚደረግ አንድ ድግስ እናቶችን ጠይቁ። ከድግሱ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የየቀኑን ሥራ ከዘረዘራችሁ በኋላ፣ ዝርዝሩን መሠረት አድርጋችሁ የጥሪ ደብዳቤ ጻፉ።