ሁሉም ኪኒን አይሰበርም

ኪኒን ለሁለት ከፍሎ መካፈል፣ አልዋጥ ሲልም ፈጭቶ በሻይ መጠጣት በየቤታችን የተለመደ ነው። እንደ ተራው ፓራሲታሞል ባሉ ኪኒኖች ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። አንዳንዶቹ ግን ያለ ሽፋናቸው አይሠሩም፤ ጭራሽ ሊጎዱም ይችላሉ።

ሽፋኑ የሚሠራው ፖሊመር ከሚባል፣ እንደ ሰንሰለት ከተቀጣጠለ ንጥረ ነገር ነው። ፕላስቲክም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለመድኃኒት የሚውለው ግን ለሰውነት የማይጎዳው ነው።

ለጨጓራ ሕመም የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል እንክብል ውስጡ ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉት። ኦሜፕራዞልን የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል። ስለዚህ እያንዳንዷ ፍሬ አሲድ በማያሟሟው ፖሊመር ትሸፈናለች፤ አሲዱ ወደሚቀንስበት ትንሹ አንጀት ስትደርስ ሽፋኑ ይሟሟል። ፍሬዎቹን የፈጨ ሰው መድኃኒቱን ለአሲዱ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሳይሻለው ሲቀር ደግሞ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላል።

ሌላው ዓይነት ሽፋን ከነጭራሹ አይሟሟም። ውኃ ቀስ ብሎ ሰርጎ ይገባና መድኃኒቱን ያሟሟል፤ የሟሟውም በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር መድኃኒቱ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1952 ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሽፋናቸው ውፍረት የተለያየ በመቶ የሚቆጠሩ ፍሬዎችን በአንድ እንክብል አሽጎ ለገበያ አቀረበ፤ ስሱ ቀድሞ፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ይለቃል። (ባዶው ሽፋን አንዳንዴ በሰገራ ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል።)

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው ቀስ ብሎ የሚለቀው ኒፌዲፒን ቢፈጭ ወይም ቢታኘክ፣ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት የታሰበው መጠን ባንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ሕመምተኛው ራሱን ሊስት፣ ስትሮክም ሊመታው ይችላል።

በማሸጊያው ላይ «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር» ወይም «ሪታርድ» የሚል ካለ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው። ሐርጌሳ ገበያ ውስጥ ኪኒን በቅጠል ተቆርጦ ሲሸጥላችሁ ጽሑፉ ሊቀር ስለሚችል ሙሉውን ማሸጊያ አሳዩኝ በሉ። ሶማልኛ የማትችሉ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ መዋጥ የሚያቅታቸው አረጋውያንና ሕፃናት ስታገኙ ኪኒኑን ከመፍጨታችሁ በፊት ሽሮፕ ወይም ሌላ ምትክ እንዳለ የጤና ባለሙያውን ጠይቁላቸው።