ፈርቲላይዘር የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በባዕድ ፊደል ከሚጻፉት ቃላት አንዱ «ፈርቲላይዘር» ነው። ትርጉሙ ማዳበሪያ ነው ብለን ልናልፈው ነበር። ነገር ግን ማታ ስናስተምር አንድ አባት ተነሡና «ልጆቼ፣ ይኼ ፈርቲ የምትሉት የእኛው ፍሬ አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ጥሩ ነው። ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍና ድግር ተገጣጥመው እንደሚያርሱ ሁሉ ይህም ቃል ከሦስት ክፍል የተገጣጠመ ነውና ፈታትተን እንየው።

የፊተኛው ክፍል «ፈርታይል» ነው፤ ለም ማለት ነው። የጥንት ሮማውያን በላቲን ቋንቋቸው መሸከምንም ማፍራትንም «ፌሬ» ይሉ ነበር። ከዚሁ «ፈርቲሊስ» የሚል ቃል ወጣ። እሱም በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ15ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ታዲያ «ፌሬ» እና «ፍሬ» ዘመዳሞች ናቸው? አይደሉም። ፍሬ የግዕዝ ወገን ነው፤ ዕብራይስጡም «ፕሪ» ይለዋል። የድምፁ መመሳሰል አጋጣሚ ነው። እኛም ራሳችን መጀመሪያ ተታለን ነበር።

ሁለተኛው «አይዝ» ከግሪክ የመጣ ቅጥያ ሲሆን «ማድረግ» ማለት ነው። በራድዮ «ሜካናይዝድ እርሻ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ በመኪና የሚሠራ እንዲሆን የተደረገ እርሻ ነው። በእኛ ቋንቋ ይህን ሥራ «አ» ትሠራዋለች፦ ዳበረ፣ አዳበረ።

የመጨረሻው «ኧር» አድራጊውን ያመለክታል። እንግሊዞች ለሰውም ለዕቃም በዚሁ በአንዱ ይጠቀማሉ። «ሪፐር» ሲሉ አጫጁ ሰውም ነው፣ የማጨጃው መኪናም ነው። እኛ ግን እንለያለን፤ ሰውየው አራሽ፣ ብረቱ ማረሻ። አዳበረ ከሚለውም ዕቃውን ማዳበሪያ አልነው። ኋላማ ስሙ ወደ ከረጢቱ ተሻግሮ ጤፉንም በማዳበሪያ እንይዛለን።

እንግዲህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ «ለም አድራጊ» ይሆናል። ለም የሚደረገው መሬቱ ነው እንጂ ዘሩ አይደለም። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ገበሬ ዩሪያን የዘር ምግብ ነው ብለው ከበቆሎው ጋር በአንድ ጉድጓድ ጨመሩት። ከረጢቱ ላይ 46 የሚል ቁጥር ነበረ፤ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። በ50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ መሆኑ እኮ ነው! ይህን ያህል ኃይል ያለው ነገር ዘሩን ከነካው ያቃጥለዋል። ከዘሩ ራቅ ብሎ፣ አፈር በመካከል ገብቶበት መቀመጥ ነበረበት። ብዙው በቆሎ ሳይበቅል ቀረ፤ ሰውየውም ዘር ተበድረው እንደገና ዘሩ።