ትምህርት ቤት የማን ደቦ ነው?

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማን ጉልበትና በማን ፈቃድ እንደሚቆም ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ዳባትንና አካባቢዋን ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይበቅልበታል፤ ብርዱም ቀላል አይደለም።

በእንዲህ ያለ አገር የልጅ ጉልበት ዋጋ አለው። በመስከረም የተመዘገበው ልጅ መኸር ሲደርስ ከክፍል ይጠፋል፤ አጨዳው፣ ውድማው፣ ከብቱ ይጠብቀዋል። ሴት ልጅ ደግሞ በማንኛውም ወር ውኃና እንጨት አለባት። ስለዚህ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ያለ ምንም ወጪ የላከ አይምሰለን። የአንድ ሠራተኛ እጅ ሰጥቶአል። እርዳታ የምንሰጥ ሰዎች አስቀድመን ልንቆጥረው የሚገባን መዋጮ ይህ ነው፤ በማንኛውም ሪፖርት ላይ ግን አይጻፍም።

ገበሬው በኅብረት መሥራትን ከእኛ አይማርም። ወንፈልና ደቦ አሉት። ወንፈል ሒሳብ ያለበት ነው፤ ዛሬ ለአንተ ያጨዱልህን ነገ ሄደህ ታጭድላቸዋለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ግን ባለቤቱ ሰው ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ በአንድ ቀን ሥራውን የሚያስጨርስበት ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል? ወንፈሉን የሚመልስበት እርሻ የለውም፤ የደቦውን ጠላ የሚጠምቅበት ጓዳም የለውም። ሆኖም አጥሩ ይታጠራል፣ ድንጋዩ ይቀርባል፣ ጭቃው ይመረጋል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ወደ ኋላ ብንመለከት በ1950ዎቹ መጨረሻ የስዊድን መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ እርዳታ መስጠት ሲጀምር፣ የአካባቢው ሕዝብ የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ይደረግ ነበር። በእኛ አስተያየት ከዚያ ሥራ ሊወረስ የሚገባው ከሕንጻው ይልቅ ይህ አሠራር ነው፤ ሰው ያዋጣበትን ነገር ይጠብቃልና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዘመቻዎች ሌላ ትምህርት ይሰጡናል። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማርቶአል፤ ነገር ግን ግዴታ ስለ ነበረ በጎ ፈቃድ ብለን ልንጠራው ያስቸግራል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተምሮ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቶአል። ብዙ እናቶችና አባቶች ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት ያን ጊዜ ነው። ዘማቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በብዙ መንደር የሚነበብ ወረቀት እንደ ልብ አልነበረም፤ ፊደሉንም የረሱት ጥቂቶች አይደሉም። ጎረቤት በየሳምንቱ የሚሠራው ጥቂት ሥራ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብሩ ነበር። መማር የቤተሰብ ደስታ መሆኑ የታወቀው ከዚያ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የወላጆች በዓልን በዚህ ፈንታ አገኘ። ሰኔ 30 ሲባል በኢትዮጵያ የተማረ ሁሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፦ የውጤት ካርድ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ልጆች ሽልማት፣ መዝሙር፣ ጭውውት፣ የጎንደር እስክስታ። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ምናልባትም ወደ ግቢው የገባችው በዓመቱ ይህን አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ድንጋይ ያቀረቡትን፣ አጥር ያጠሩትን በስም ጠርቶ ያመሰግናል። የትምህርት ቤቱ የደቦ ግብዣ ይህ ነው እንላለን፤ ጠላ ባይኖረውም ጉልበት የሰጠው ሰው በሕዝብ ፊት የሚከበርበት ነው።

ስለዚህ በዓሉን ጊዜ ማባከን አድርገን አንየው። ደግሞም ለእንግዳ ማሳያ አናድርገው! ዘግይቶ የሚመጣ የእርዳታ ድርጅት መኪና እስኪደርስ ሕፃናትን በፀሐይ አቁሞ ማዘፈን ባህልን ማክበር አይደለም።

የዳባት ነገር ዛሬ ከበዓልም አልፎአል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያው ወረዳ በዓለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች ሰፍረዋል፤ ልጆቻቸው የሌላ ቋንቋና የሌላ ዘፈን ባለቤቶች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶአል። ሁለት ዓመት ከክፍል የራቀ እረኛ በደወል ብቻ አይመለስም፤ በተለይ ሴት ልጅ በዚህ መካከል ልትዳር ትችላለች። በየቤቱ ዞሮ «ልጅህን መልሰው» ሊል የሚችለው ጎረቤቱ እንጂ ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም። የሚሰማውም ያን ጎረቤት ነው።

በየአካባቢያችሁ ተሰብስባችሁ ይህን ስታጠኑ፣ ስለምትረዱት ትምህርት ቤት እነዚህን ነገሮች ጠይቁ፦ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ መቼ ተሰበሰበ? እናቶች በስብሰባው ይናገራሉን? ሕዝቡ እስካሁን ምን አዋጣ? ካዋጣ፣ የእናንተ ስጦታ በዚያ ላይ ይጨመር እንጂ አይተካው። ደብተርና እርሳስ የምትልኩ ከሆነ ከመስከረም በፊት ይድረስ፤ በመኸር ወር የደረሰ ደብተር ልጁን በክፍል አያገኘውም። ለጣራ የምታዋጡ ከሆነም ሥራው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ይሁን፤ ያን ጊዜ ሰው እጁ ባዶ ነው፣ መንገዱም ቆርቆሮ የጫነ መኪና ያሳልፋል።