የማጅራት ገትር በሽታ በኮሌጅ መኝታ ቤት እንዳይዛመት ስለ መጠንቀቅ

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው አገር በሐኪሞች ዘንድ «የማጅራት ገትር መቀነት» ይባላል። ካርቱምም በዚሁ መቀነት ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. በሽታው በሱዳን ተነሥቶ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ በዚያና በተከታዩ ዓመትም በኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ ጐዳ።

በሽታው የሚበረታው አቧራና ደረቅ ነፋስ ጕሮሮን በሚያቈስሉበት በበጋ ነው። የሚተላለፈውም በሳል፥ በማስነጠስና ተቀራርቦ በመተኛት ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ብዙ ሰዎች ተሕዋሲውን በጕሮሮአቸው ተሸክመው ራሳቸው ሳይታመሙ ለሌላው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ የታመመውን ብቻ ለይቶ ማውጣት መኝታ ቤቱን አያድነውም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግሎቨር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በወታደር ሰፈር ውስጥ የብዙ ሰዎችን ጕሮሮ መረመረ። አልጋዎቹ ሲጠባበቡ ተሕዋሲውን የሚሸከሙት ሰዎች እንደሚበዙ፥ አልጋዎቹ ሲራራቁና ቤቱ አየር ሲያገኝ ግን እንደሚያንሱ አስረዳ። ከዚህም የሚከተለው ትምህርት ይገኛል።

1ኛ/ በአልጋና በአልጋ መካከል ቢያንስ የ1 ሜትር ስፋት ይተው። ቦታው ካልበቃ የአንዱ ራስጌ በሌላው ግርጌ በኩል ይሁን።

2ኛ/ የአቧራው ማዕበል እንዳለፈ መስኮቶች ሁሉ ይከፈቱ።

3ኛ/ ድንገተኛ ትኵሳት፥ ብርቱ ራስ ምታት፥ ትውከትና የአንገት መገተር የታየበት ተማሪ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሕክምና ካላገኙት እስከ እኩሌታው ሊሞቱ ይችላሉ፤ ከዳኑትም መስማት የሚሳናቸው አሉ።

4ኛ/ በአንድ ክፍል አብረውት ያደሩት ሐኪም የሚያዘውን መከላከያ መድኃኒት ይውሰዱ።

5ኛ/ ተማሪዎችን በድንጋጤ ወደየአገራቸው መበተን ተሕዋሲውን ወደ ገጠር መላክ ይሆናልና ያለ ጤና ባለሥልጣን ምክር አይደረግ።

«ኤ» የተባለውን የበሽታውን ዓይነት የሚከላከል ክትባት በሱዳን ከ2012፥ በኢትዮጵያም ከ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዘመቻ ተሰጥቷል፤ ጥቅሙም ታላቅ ነው። ነገር ግን ሌሎች ዓይነቶች ስላሉ ጥንቃቄውን አያስቀርም።

በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በካርቱም የተነሣው ጦርነት የኮሌጆቹን ተማሪዎች በትኗል። እነርሱ በሚመለሱበት ጊዜ ከጥፋት የተረፉት ክፍሎች ጥቂት፥ ማደሪያ የሚሹት ብዙ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ አንድ አልጋ ለመጨመር ሲታሰብ የመካከሉን 1 ሜትር መጠበቅ የአስተዳዳሪው ሁሉ ግዴታ ነው።