ምዕራፍ ስድስት፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው፥ ገንዘቡን ቆጥሮ ካስረከበና ሊብሬውን በስሙ ካዛወረ በኋላ፥ ዕዳው ሁሉ የተፈጸመለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከመኪናው ጋር በውል ያልተጻፈ ሌላ ውርስ አብሮ እንደ ተረከበ የሚገነዘበው፥ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ በጋራዥ ደጃፍ ቆሞ «ጋሼ፥ ይኼ ሞተር መውረድ አለበት» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት መካኒኩ ያውቃል፥ ባለንብረቱ አያውቅም፤ መኪናው ቆሟል፥ የቢሮ ሰዓትና የልጆች ትምህርት ቤት ግን አይቆሙም፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳይመረምር ዋጋውን ብቻ ይጠይቃል፥ በዋጋውም ላይ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ እሺ ብሎ ቀብድ ይሰጣል። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ፥ «ስንት ያስወጣል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «በምን ታወቀ?» የሚለውን ማስለመድ ነው።

ነገሩ በዘመናችን ከቀድሞው ይልቅ የከበደበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ በሌላ አገር ቢሆን አገልግሎቱ አበቃ ተብሎ ይጣል የነበረ ሞተር፥ በእኛ ዘንድ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ እንዲኖር ይጠበቅበታል።

ሞተርን ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፥ በድስት የተጣደ ውሃ እንኳ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል። የቤንዚን ሞተር በደህና ቀን የሚሠራበት ሙቀት ከዚሁ ቁጥር የማይርቅ ሲሆን፥ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ይኸውም በውስጡ ያለው ሞላና ላስቲክ ግፊቱን ስለሚይዘው፥ የመፍላቱ ደረጃ ከ110 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል፥ ውሃው ቀስ በቀስ በእንፋሎት ያልቃል፥ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታም ይጣመማል። ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ እጅግ ርካሹ፥ ሳይመረመር በመቅረቱ ብቻ፥ ውድ የሆነውን ዕቃ ያስጠፋል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

በአገራችን ውርጭ ራዲያተር አያፈርስምና የቧንቧ ውሃ ይበቃል የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ሰርጿል። ነገር ግን አንቲፍሪዝ የሚባለው ፈሳሽ በረዶን ከመከልከሉ ሌላ፥ የመፍላቱን ደረጃ ከፍ ያደርጋል፥ ብረቱንና አሉሚኒየሙንም ከዝገት ይጠብቃል፤ ዘወትር የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ሞተር ግን ውስጡ በዝገትና በነጭ ደለል እየተደፈነ ይሄዳል። የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ ብሎኩ ከብረት የተሠራ ስለ ነበር ብዙ በደል ይታገሥ ነበር፤ እንደ 1ኤንዜድ ያሉት በኋላ የመጡት ሞተሮች ግን ብሎካቸውም ቴስታታቸውም አሉሚኒየም ስለሆነ፥ ያንን የሽማግሌ ታክሲ ነጂዎች ልማድ ይዞ እነርሱን መንዳት አያዋጣም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፥ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፍት ትንሽ ዕቃ ነው። አንዳንድ ጊዜ ተዘግቶ ይቀርና ሞተሩን ያሞቃል፤ አንዳንድ መካኒኮችም ይህን አይተው፥ በሩ አልከፈት ቢላቸው በሩን ነቅሎ እንደ መጣል፥ ጨርሰው ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ሙቀት ቆጣሪው ዝቅ ብሎ ሲታይ ባለንብረቱ ደስ ይለዋል፤ ሆኖም ሞተሩ ወደሚገባው ሙቀት ሳይደርስ ስለሚሠራ ቤንዚን ያባክናል፥ ያልተቃጠለው ነዳጅ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፥ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይበላል። እኔ ይህን ጥገና ብሎ ለመጥራት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለውን አቀበት ሲጀምር ዓይኑን ከሙቀት ቆጣሪው ባይነቅል መልካም ነው። መርፌው መነሣት ሲጀምር የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፥ የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀውን ማሞቂያ ደግሞ እስከ መጨረሻው መክፈት፥ ምንም እንኳ በቆላ ሐሩር እንደ ቅጣት ቢቈጠር፥ ከሞተሩ ላይ ብዙ ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ቀዩን ከነካ ግን ዳር ይዞ ማጥፋት ነው፤ ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ፊትን ያቃጥላል፥ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ስለ ዘይት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በአቧራና በመንገድ መጨናነቅ ለሚሠራ አሮጌ ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ከነፊልትሮው መቀየር፥ በየሳምንቱም መለኪያውን መዞ ማየት ነው። ሞተሩ ችንጋ ያለው የናፍጣ ቶዮታ የያዙ ሰዎች ችንጋውን በ100,000 ኪሎ ሜትር ሊያስቀይሩ ይገባል፤ ችንጋው ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉና። በአንዳንዶቹ ላይ ለዚሁ ማስታወሻ የሚበራ መብራት አለ፤ መብራቱን የቀድሞው ባለቤት በአዝራር አጥፍቶት ሊሆን ስለሚችል፥ የጠፋ መብራት ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ጋራዡ ደጃፍ እንመለስ። መካኒኩ «ፋሻው አልቋል፥ ዘይት ይበላል» ብሏል እንበል፤ ፋሻ የሚለው የፒስተኑን ቀለበት ነው። ሞተር ዘይት የሚበላባቸው መንገዶች ግን የተለያዩ ናቸው፥ የሚያስወጡትም ወጪ እጅግ ይራራቃል። ሌሊቱን አድሮ ጧት ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ጢስ አውጥቶ የሚጠራ ሞተር፥ ዘወትር ችግሩ የቫልቭ ጎሚኖቹ መድረቅ ነው፤ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር በቀኑ ሁሉ ሰማያዊ የሚያጨስ ግን ፋሻውን ያስጠረጥራል። ከሞተሩ ውስጥ የሚመለሰውን ጋዝ የምታስተነፍስ ትንሽ ቫልቭ ስትደፈንም ዘይት ያልቃል፤ እርስዋን ለመቀየር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ወፍራም ነጭ ጢስ፥ የውሃ መጉደል፥ በዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ተባብረው ሲታዩ ነገሩ የቴስታታው ጋስኬት ነው፤ ጥቁር ጢስ ደግሞ የነዳጅ መብዛት ስለሆነ ሞተር አያስወርድም። ባለ ሦስት ሲሊንደር ቪትዝ ቆሞ ሳለ መንቀጥቀጡን አይቶ ሞተሩ ታመመ የሚልም አለ፤ ከመንቀጥቀጡ ጥቂቱ የአፈጣጠሩ ነው፥ የቀረውም ብዙ ጊዜ ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ ማርጀት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱን የሚሰጠው የግፊት መለኪያ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፥ ነዳጁና እሳቱ ይቋረጣል፥ መለኪያው በአንዱ ሲሊንደር ቀዳዳ ላይ ይታሰራል፥ አንድ ሰው የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጦ በሞተሪኖው ያስዞራል፤ መርፌው መውጣቱን ሲያቆም ቁጥሩ ይጻፋል፥ ለቀሩትም እንዲሁ ይደረጋል። የአንድ ጤነኛ 1ኤንዜድ ሞተር ግፊት በፋብሪካው መጽሐፍ 15 ባር ገደማ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላለ አየር ስለሆነ፥ አየሩ በአንድ አራተኛ ገደማ በሳሳባት በአዲስ አበባ 11 ባር የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላሰበ ሰው ሕያውን ሞተር ሞተ ብሎ ይገንዘዋል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹን መመሳሰል መመልከት ይበልጣል፤ 11፥ 11፥ 7፥ 11 ሆኖ ቢገኝ፥ በሽተኛው ሦስተኛው ነው። በእርሱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ዳግመኛ ሲለካ ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልወጣ የቫልቩ ወይም የጋስኬቱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ጋስኬቱ ተበልቷል። ቫልቭም ጋስኬትም ቴስታታውን ብቻ በማውረድ ይጠገናሉ፤ ሙሉው ሞተር ሳይነካ ይቀራል።

በጆሮው ብቻ ሞተርን የሚያውቅ መካኒክ አለ፤ እንዲህ ያለውን ባለ እጅ አከብረዋለሁ፥ ነገር ግን ጆሮ ደረሰኝ አይሰጥም፥ መለኪያ ግን ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ልኬቱን ይዞ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ማማከር ለመጀመሪያው ስድብ አይደለም። ሥራው ሲጀመርም የእጅ ዋጋውና የዕቃው ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ ይመለስ፤ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሳይሄድና በቀጥ ያለ ብረት ሳይለካ አይገጠም፤ በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና፥ በዓይን አይቶ ደህና ነው ማለት ከንቱ ነው።

ሲሊንደሩ ተጎድቶ ሙሉ እድሳት የግድ ቢሆን፥ ከሶማሌ ተራ ሰልባጅ ሞተር ገዝቶ መግጠም የሚቀልበት ጊዜ አለ። ሆኖም የዚያም ሞተር ታሪኩ አይታወቅምና፥ ሻጩ ግፊቱን አስለክቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል፤ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለሆነም፥ የግዢና የጉምሩክ ወረቀቱ ሳይሟላ የተገዛ ሞተር፥ መኪናው በሚሸጥበት ቀን ባለቤቱን ከቢሮ ቢሮ ያንከራትተዋል። የእድሳቱ ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ያህል ከደረሰና አካሉም ካረጀ፥ ጉድለቱን ለገዢ በግልጥ ነግሮ እንዳለ መሸጥ፥ ያለ ሐፍረት ሊታሰብ የሚገባው ሦስተኛ መንገድ ነው።

የታደሰ ሞተር የወሰደ ሰው በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች አያጣድፈው፥ ከባድ ጭነትም አይጫንበት፥ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ሰዓትም አይነዳው። ከዚያም ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራል፤ የወጣው ዘይት በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ በፀሐይ ብርሃን ይታይ፤ ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው፥ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን መኪናው ዳግመኛ ሳይነሣ ወደ ሠራው መካኒክ ይመለሳል። የራዲያተሩም ውሃ በእነዚያ ሳምንታት በየጧቱ፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፥ ይታያል።